እስከ ሃያ ቁጠሪ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ዛሬም ከጠዋቱ አንድ ተኩል ሲሆን እግሬ ጫማ ይፈልጋል። ባለቤቴ ሙሉጌታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ እሱ ጡረታውን እንደ ርስት ነው የተቀበለው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮኑን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ደግሞ ይፈታል። እኔ ነጠላዬን ስይዝ ሲያየኝ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሆስፒታሉ እኮ ያላንቺም ጣራው አልወደቀም» ይለኛል። «አንተ ዝም ብለህ ብሎንህን ቁጠር» እለውና እወጣለሁ። በሐይቁ ዳር እስከ ጀልባ ማቆሚያው ሄጄ እመለሳለሁ። ተመልሼም መቀመጥ አልችል። አንሶላ አጣጥፋለሁ፣ ያጣጠፍሁትን ደግሞ እዘረጋለሁ።

ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ዕረፍት ያምረዋል ይላሉ። እኔን አላማረኝም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ዕድገት የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይተወው። ደመወዙ ያው እንደምታውቁት ነበር፣ ዕድገቱም ሲመጣ መጣ።

ነገሩ የጀመረኝ በሽኝቴ ቀን ነው። የኦፕሬሽን ክፍሉ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ። በእኔ ቦታ ኃላፊ የሆነችው ሰብለ ተነሥታ ንግግር አደረገች። ሰብለ በእኔ እጅ ያደገች ነርስ ናት፤ እጇ ቀልጣፋ፣ ምላሷም የተባ። «ሲስተር የዝና ባያስተምሩን ኖሮ እዚህ ቤት ጎዝ ቆጥሮ የሚያውቅ አይኖርም ነበር» አለች። «ዛሬም ያጠፋን ሰው በርክክብ ላይ አቁመን እስከ ሃያ እናስቆጥራለን። የሲስተር ሕግ አልሞተም።» ሁሉም ሳቀ። አንዲት ብቻ፣ ከተቀጠረች ሁለት ወር ያልሞላት ነርስ፣ ጥግ ላይ ቆማ አልሳቀችም። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቀረች። የቀረኝን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስሁት።

ያን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም በአንዲት ልጅ ላይ ነው፤ ትርንጎ ትባላለች። ስለ እሷ ለመናገር ግን ከቁንዝላ መጀመር አለብኝ፤ አለዚያ ያጠፋሁት ጥፋት ስንት እንደሚመዝን አይታያችሁም።

ከነርስ ትምህርት ቤት ስወጣ የተመደብሁት ቁንዝላ ጤና ጣቢያ ነበር። ክረምት ስለነበረ በጀልባ ገባሁ፤ ሐይቁ አናውጦኝ ስወርድ መቆም አቅቶኝ ነበር። ሻንጣዬን የተቀበሉኝ ጋሽ አየነው ናቸው። ጋሽ አየነው ድሬሰር ነበሩ፣ ቁስል የሚያጥቡና የሚያሽጉ፤ በማዕረግ ከሁላችን በታች፣ በዕውቀት ከሁላችን በላይ። ጎዝ፣ ያን የቁስል ጨርቅ፣ ሲያጥፉ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሱታል፣ አንድ ክር እንኳ ቁስል ውስጥ እንዳይቀር። አምስት አምስት አድርገው ያስሩታል። ቁስል ሳይከፍቱ ይቆጥራሉ፣ ሲጨርሱም ይቆጥራሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጮክ ብለው። ከዚያ ደግሞ አጠገባቸው ለተገኘ ሰው፣ ጽዳትም ይሁን አስታማሚ፣ «ዓይኔን አላምነውም፣ እስቲ አንተ ቁጠርልኝ» ይላሉ። የማያውቅ ገበሬ ጎንበስ ብሎ የደም ጎዝ ሲቆጥርላቸው እያየሁ መጀመሪያ እስቅ ነበር።

ያን ጊዜ መርፌው የብርጭቆ ነው፤ በላምባ ምድጃ ቀቅለን ነበር የምንወጋበት። አንድ የገበያ ቀን ሰው በዛብኝ፤ የተቀቀለውንና ያልተቀቀለውን ሳልለይ ሦስት ሰው ወጋሁ። ሲገባኝ መርፌውን አስቀመጥሁ። ጋሽ አየነው ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። ስድብ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያሉት፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» ነው።

ከዚያ መዝገቡን ይዘን ገበያውን ዞርን። ሦስቱንም ፈልገን አገኘናቸው፣ እውነቱን ነገርናቸው፤ ለወራት እያስመጣን አየናቸው። ደግነቱ ምንም አልሆኑ። ሰዎቹን አግኝተን ስንመለስ ጋሽ አየነው በሩን ዘጉና ወንበር አቀረቡልኝ። «አሁን ልቆጣሽ ነው» አሉ። ተቆጡኝም። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ እንባዬ እስኪፈስ ነው የተቆጡኝ። ሲጨርሱ፣ «ታዲያ በመጀመሪያ ለምን አመሰገኑኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነገም ትሳሳቻለሽ» አሉኝ። «ነገም እንድትነግሪኝ ነዋ።»

ከቁንዝላ ሐሙሲት ተዛወርሁ። አራት ዓመት የአውቶቡስ መንገደኛ ትውከትና የገበያ ቀን ፍንክት አየሁ። ትዳር ያዝሁ። የዝውውር ማመልከቻ ጻፍሁ፣ ደግሞ ጻፍሁ፤ በመጨረሻ ባሕር ዳር ገባሁ።

በትልቅ ሆስፒታል ርክክብ የሚባል ነገር አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚወጣው ተረኛ ለሚገባው ተረኛ በሽተኛውን በቃል ያስረክባል፣ ሐኪሙም ነርሱም ጽዳቱም ባለበት። ያን ጊዜ የነበሩት ሜትሮን፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ያጠፋን ሰው ርክክቡ እስኪያልቅ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያቆሙ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ሳምንቴ ቆምሁ። ጥፋቴ የአንሶላ ጥግ በደንብ አለማጠፌ ነበር። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ሰው እንዳላይ ብዬ ጠብታውን ስቆጥር ቆየሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንሶላ አሳምሬ አጠፍሁ። ስሕተቴን ግን ለማንም አልተናገርሁም። ልብ በሉ፣ አልተሳሳትሁም አላልሁም።

ዓመታት ሄዱ። ሜትሮኗ ጡረታ ወጡ፣ እኔ የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ሆንሁ። የእጅ መታጠቢያውን ሥርዓት ግን አልሻርሁትም። እንዲያውም ወደድሁት ብል ነው እውነቱ፤ ሰው ሲፈራኝ ሥራው የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ አየነውን አልረሳኋቸውም። ጎዝ እንደ እሳቸው አጥፋለሁ፣ አምስት አምስት አስራለሁ፣ ለአዳዲሶቹ ነርሶችም ስለ እሳቸው እያወራሁ አስተምራለሁ። እጃቸውን ይዤ አፋቸውን እዚያው ጥዬ ነው የመጣሁት።

አብሮን የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ። እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን አያድርስ። መቀስ ይወረውራል፣ «ከየት ገደል ለቅመው ነው የሚያመጧችሁ?» ይላል። እኔ ለእሱ መልስ መስጠት አልደፍርም፤ የእሱን ቁጣ ተቀብዬ ከእኔ በታች ላሉት አሳልፍ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ከወንበሬ ተነሥቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ።

ትርንጎ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። አባቷ በሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ልጅቷ ጥንቁቅ ናት፣ እጇ ንጹሕ፣ ድምፅዋ ግን ከጉሮሮዋ አይወጣም። አንድ ቀን በርክክብ ላይ፣ «አባትሽ የቤቱን ድምፅ ሁሉ ለማሕሌት ወስደው ላንቺ ምንም አላስተረፉልሽም እንዴ?» አልኋት። ቤቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ቀልዴ የተስማማት መሰለኝ። ሰው ሲፈራም እንደሚስቅ እያወቅሁ።

እሷ ቆጣሪ ነበረች። ሥራው እንዲህ ነው፦ እኔ ታጥቤ ለሐኪሙ መሣሪያ አቀብላለሁ፤ ቆጣሪዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማ በደም የራሰውን ጎዝ አምስት አምስት አድርጋ ትሰቅላለች። ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ትቆጥራለች። በሃያ ከገባን በሃያ እንወጣለን።

አንድ ማክሰኞ፣ ሆድ ሊዘጋ ሲል፣ «ሲስተር፣ አሥራ ዘጠኝ ነው» አለች። ሐኪሙ እጁን አቆመ። በሽተኛው ሆዱ እንደተከፈተ ግማሽ ሰዓት ፈለግን። በመጨረሻ ጎዙ ከሐኪሙ ቦት ጫማ ሥር ተጣብቆ ተገኘ። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ መመስገን ነበረባት። ሐኪሙ ግን «እግሬ ሥር ያለውን የማታይ ዕውር ናት የሰጣችሁኝ» እያለ ወረደባት። በማግስቱ በርክክብ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ያየኛል። እሱን ደስ ለማሰኘት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ትርንጎን ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አቆምኋት። «መቁጠር መቻልሽን እንይ። እስከ ሃያ ቁጠሪ» አልኋት።

ቆጠረች። አሥራ አራት ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። «አልተሰማም፣ ከአንድ ጀምሪ» አልኋት። ሦስት ጊዜ ነው ከአንድ ያስጀመርኋት። ሰብለ ያን ጊዜ አዲስ ገቢ ነበረች፤ ከሌሎቹ ጋር አብራ ሳቀች። ጽዳታችን እትዬ ደብሬ ጀርባዋን ሰጥታ ወለል ትጠርግ ነበር፤ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ በእኛ ክፍል ያጠፋ ሰው «ሃያ ይቆጥራል» ተባለ።

ሳምንት አልሞላም። ከጎርጎራ የመጣች አንዲት ዓሣ ነጋዴ፣ ወይዘሮ ሙሉዬ፣ ሆዷ ውስጥ የነበረውን ዕጢ አወጣንላት። ሥራው ሰምሮ ነበር። ሐኪሙ መርፌና ክሩን ይዟል። ትርንጎ ወደ ተሰቀለው ጎዝ ዞረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ጨረሰች፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሦስተኛም ጀመረች። «ምንድነው ነገሩ፣ ዛሬም ፊደል ቆጠራ ነው?» አለ ሐኪሙ። ትርንጎ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ያን የገበያ ቀን ቁንዝላ ላይ የእኔም ዓይን እንዲሁ ነበር። «ስንት ነው?» ብላት በቃ፣ ሁለት ቃል ነው። አላልሁም። «ሙሉ ነው?» ነው ያልኋት፣ የተፈለገውን መልስ ራሴ አፏ ላይ አስቀምጬ።

«ሙሉ ነው» አለች። ተሰፋ።

በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ ሙሉዬ በትኩሳት እየነደደች፣ ሆዷ ተወጥሮ ተመለሰች። እንደገና ተከፈተች። ጎዙ እዚያው ነበር። በመቆንጠጫ ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጫፉ እኔ እንዳጠፍሁት ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ሴትዮዋ ነፍሷ ተረፈ፤ ሁለት ወር ግን አልጋ ላይ ዋለች። የዓሣ ቅርጫት ማንሣት እንደማትችል በኋላ እኅቷ ነገረችኝ። እየመረቀች ነው የነገረችኝ፤ አዳናችኋት ብላ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልሁት።

ኮሚቴ ተቀመጠ። «ቆጣሪዋ ምን አለችዎት?» አሉኝ። «ሙሉ ነው አለችኝ።» «ሌላ የሚጨምሩት አለ?» «የለም።» አልዋሸሁም፤ ግማሹን ነው የተናገርሁት። ትርንጎን ጠየቋት። «ፈራሁ» አለች። «ምን ፈራሽ?» ሲሏት ወደ እኔ አየችና ዝም አለች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርሁ። በከባድ ግዴለሽነት ተብሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ ቁንዝላ ተዛወረች። ሐኪሙ ዓመት ሳይሞላ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔ ሌላ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጋቢ ለብሼ ወጣሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወጊዋ ሆኜ መርሳት አቃተኝ። ከሽኝቱ ወዲህ ያቺ ጥግ ላይ የቆመች ነርስ ከዓይኔ አልሄድ አለች። አንድ ጠዋት ሙሉጌታ ሬዲዮኑን አስቀምጦ ሁሉንም አስወራኝ። ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ሂጂ፣ ልጅቷ ዘንድ ሂጂ» አለኝ። «አንቺን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ የለም።»

በጀልባ ሄድሁ። ጤና ጣቢያው ታድሷል፤ የቁስል ማጠቢያው ክፍል ግን በድሮው ቦታ ነው። በሩ ጋ ሳልደርስ ድምፅ ሰማሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ግቢውን የሚሞላ ድምፅ ነው። በመስኮት አየሁ፤ ትርንጎ ናት፣ የአንድ ገበሬ እግር እያሸገች። ስትጨርስ ወደ ሚስትየው ዞር ብላ፣ «ዓይኔን አላምነውም፣ እስቲ አንቺ ቁጠሪልኝ፣ እናቴ» አለቻት። ጋሽ አየነውን አይታቸው አታውቅም። ሕይወታቸው ያለፈው እሷ ሳትመጣ ነው። ስለ እሳቸው የነገርኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ያወራሁትን እሷ ትሠራዋለች። መስኮቱን ተደግፌ አለቀስሁ።

ስታየኝ ደነገጠች። ወንበር ሰጠችኝ፣ አልተቀመጥሁም። «ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አልኋት። «ድንጋይ ተሸክሜ ብመጣም አይበዛብኝም።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ሲስተር» አለች። «አባቴ ገና ያኔ ነው ይቅር በይ ያሉኝ፤ ከልቤ ነው። ፋይሌ ግን ይቅር አላለኝም።» ለሰመመን ሰጪነት ትምህርት ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስቱንም ጊዜ በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ጥለዋታል። የዘንድሮው ምዝገባ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለማመልከት የተፈቀደው የአገልግሎት ዘመን ያልፋታል።

«ምን ላድርግልሽ?» አልሁ።

«አሁን ለእኔ ያሉኝን እዚያ ይበሉት።»

«የት?»

«ያቆሙኝ ቦታ።»

ተመልሼ ሁሉንም በሁለት ገጽ ጻፍሁና የሆስፒታሉ ሰው ሀብት አስተዳደር ወሰድሁት። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው፣ አንብቦ አንገቱን ነቀነቀ። «ሲስተር፣ እርስዎ አሁን ጡረተኛ ነዎት። የእርስዎ ቃል ብቻውን ውሳኔ አያስነሣም። በቦታው የነበሩ፣ አሁንም በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይፈርሙበትና ለኮሚቴ እናቀርበዋለን» አለኝ። በቦታው የነበሩት እነማን ናቸው? ያኔ የሳቁት ናቸው።

ሰብለ ዘንድ ሄድሁ። «የድሮ ነገር ቆፍሮ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» አለች። «እኔም አሁን ኃላፊ ነኝ፤ ነገ ማን ይፈራኛል?» ይህን አነጋገር የት እንደተማረችው አውቃለሁ። «ፈርሚ አላልሁሽም። ነገ ጠዋት ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አልኋት። እንቢ ማለት አፍራ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ወንበር አመጡልኝ፤ አልፌው ሄጄ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆምሁ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝሁት። እንደ ርክክብ አድርጌ አነበብሁት፤ የበሽተኛዋን ሁኔታ፣ የገባውን ጎዝ፣ የወጣውን ጎዝ። ከዚያም ያን ማክሰኞ የሆነውን። ማግስቱን ማን እንዳቆመ፣ ማን እንደቆመ፣ ስንት ጊዜ ከአንድ እንዳስጀመርኋት። ለኮሚቴው ያልተናገርሁትን ግማሽ። «ልጅቷን ያስፈራኋት እኔ ነኝ። ጎዙን ሆድ ውስጥ ያስቀረው ፍርሃቷ ነው» ብዬ ጨረስሁ።

መጀመሪያ የተነሣችው እትዬ ደብሬ ናት። መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ መጣች። «እኔም ስቄያለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ ፊደሏን እየለቀመች ፈረመች። ያኔ የነበሩ ሁለት ነርሶች ተከተሏት። ሰብለ አልተነሣችም። ያቺ በሽኝቴ ቀን ያልሳቀችው ነርስ ከኋላ እጇን አወጣች። «እኔ ያኔ አልነበርሁም፣ መፈረም አልችልም» አለች። «ግን ባለፈው ወር ሃያ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ለማንም አልተናገርሁም።»

ሰብለ ፊቷ ጠቆረ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኋት። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አልኋት ልጅቷን። ሰብለ እኔን አየችኝ፣ ልጅቷን አየች። ተነሣችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች።

ወረቀቱን ያንኑ ሰዓት አስገባሁ። ኮሚቴው ገና አልተቀመጠም፣ ምዝገባው ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ጸሐፊው እኔን ማየት ሳይሰለቸው አልቀረም፣ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ከቢሮው እንደወጣሁ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትርንጎን ደወልሁላት።

«ስንት ሰው ፈረመ?» አለችኝ።

«አራት።»

«እስቲ ጮክ ብለው ይቁጠሩልኝ፣ ሲስተር» አለች።

ሰው ይተላለፋል። የማውቃቸውም የማላውቃቸውም ዞር እያሉ ያዩኛል። «አንድ፣ እትዬ ደብሬ» አልሁ። ሁለተኛዋንም ሦስተኛዋንም በስማቸው ጠራሁ። ሰብለ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።

«አልተሰማኝም» አለች ትርንጎ።

ከአንድ ጀመርሁ።